የበረኛዋ ክፍል፦ በድሮ የፓሪስ ቤቶችና በፈረንሳይ ልብወለድ

ወለላ፦

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። የ19ኛውን ክፍለ ዘመን የፈረንሳይ ልብወለድ የምትወዱ ካላችሁ አንድ ነገር ላወያያችሁ። ታሪኩ ፓሪስ ውስጥ ከሆነ፣ ባለታሪኩ ወደ ቤቱ ሲገባ የግድ የሚያልፍባት አንዲት ክፍል አለች። ከትልቁ የሠረገላ በር ገባ እንዳሉ፣ ደረጃው ሳይጀመር፣ በግራ ወይ በቀኝ ናት። በሯ መስታወት ነው፤ መስታወቱ ላይ መጋረጃ አለ። ፈረንሳዮቹ «ሎዥ» ይሏታል። የኮንሲዬርዧ፣ ማለትም የበረኛዋ ክፍል ናት።

እስቲ ጠጋ ብለን እንያት። ብዙ ጊዜ አንድ ክፍል ብቻ ናት። መስኮቷ ወደ ግቢው ወይም ወደ መተላለፊያው ነው የሚከፈተው፤ ስለዚህ ቀንም ጨለም ይላታል። ጥግ ላይ ምድጃ፣ ምድጃው ላይ ድስት ተጥዷል። አልጋው በመጋረጃ ተከልሏል። ጣሪያው ከፍ ያለ ከሆነ ደግሞ ከእንጨት በተሠራ ቆጥ ላይ ይተኛሉ። ግድግዳው ላይ ቁልፎች ተሰቅለዋል። ጠረጴዛው ላይ የነዋሪዎቹ ደብዳቤና ጋዜጣ ተደርድሯል። መስኮቱ ሥር ባልየው ተቀምጦ ሱሪ ይሰፋል ወይም ጫማ ያድሳል። የበረኝነቱ ክፍያ ብቻውን ቤተሰብ አያኖርማ።

በዚህች ክፍል የምትኖረው ሴት ደራሲዎቹ እጅ ስትገባ ምን ትሆናለች? ባልዛክ በ1847 (ዓመቱ ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ነው) ባሳተመው «የአጎት ልጅ ፖንስ» ውስጥ ማዳም ሲቦ አለች። ማሬ ሰፈር፣ ኖርማንዲ ጎዳና ላይ የሚገኝ ቤት በረኛ ናት። ባሏ ልብስ ሰፊ ነው። ከላይ ፖንስ የተባለ ሽማግሌ ሙዚቀኛና ሽሙክ የሚባል ጀርመናዊ ጓደኛው ይኖራሉ። ምግባቸውን የምታበስለው እሷ ናት፤ ልብሳቸውንም የምትይዘው እሷ ናት። ሁለቱን ሽማግሌዎች እንደ ልጆቿ ነው የምታያቸው። ቆይቶ ግን የሰፈሩ ቁራሌው ሬሞናንክ ነገሩን ሹክ ይላታል። ፖንስ ዕድሜ ልኩን የሰበሰባቸው ሥዕሎችና ጌጦች ትልቅ ሀብት ናቸው። ከዚያ ወዲያ ሴትየዋ ሌላ ሰው ናት። ፖንስ ታሞ ሲተኛ አስታማሚው እሷ ናት፤ ቶሎ እንዲሞት የምታደርገውም እሷ ናት።

ባልዛክ ምክንያቷን በደንብ ያውቃል። እርጅና ያስፈራታል። ጌቶቻቸው ሲሞቱ በኑዛዜ ጡረታ የተተወላቸው በረኞች እንዳሉ ሰምታለች፤ የሷ ተራ መቼ እንደሚደርስ ታሰላለች። ይህን ሁሉ ከነገረን በኋላ ግን ምንም አያዝንላትም። አነጋገሯን ያበላሸዋል፣ መልኳን ያወርደዋል፣ በመጨረሻ ጭራቅ ያደርጋታል።

የኔ ሐሳብ ይህ ነው፦ ደራሲዎቹ በረኛዋን ይፈሯት ነበር። ባልዛክ በ1840 ፓሪስ ዳር፣ ፓሲ ወደሚገኘው ቤት የገባው ከአበዳሪዎቹ ሸሽቶ ነው። የተከራየው በሌላ ስም ነው። ሊጠይቁት የሚመጡ ወዳጆቹ የሚስጥር ቃል መናገር ነበረባቸው። ማዳም ሲቦን የጻፈው እዚያው ቤት እያለ ነው። ለእንዲህ ዓይነት ሰው በር ላይ ያለችው ሴት ቀላል ሰው አይደለችም። ቤት መኖሩንና አለመኖሩን ታውቃለች፣ ደብዳቤው ከማን እንደመጣ ታውቃለች፣ ኪራይ እንዳልከፈለም ታውቃለች። እናንተ ምን ትላላችሁ?

የታሪክ ተማሪ፦

ወለላ፣ ጥሩ ጨዋታ ነው ያመጣሽው። ስለ ፍርሃቱ እስማማለሁ። ግን ሥልጣኗ ከየት እንደመጣ ካላየን በረኛዋን በሙሉ አናያትም።

ከፈረንሳይ አብዮት በፊት በር ላይ የራሱ ሰው የነበረው በተለይ የመኳንንቱ ግቢ ነው። ይህ ሰው «ስዊስ» ይባል ነበር፤ መጀመሪያ ለዚህ ሥራ የሚመረጡት ከስዊስ የመጡ ሰዎች ስለነበሩ። ደንብ ልብስ የለበሰ፣ ቁመናው የሚያስከብር ወንድ ነው። የሚጠብቀው የአንድ ጌታ በር ነው።

በኋላ ፓሪስ በኪራይ ፎቆች ተሞላች። በተለይ ኦስማን ከ1853 እስከ 1870 ከተማዋን በሚያስተዳድርበት ጊዜ ሰፋፊ ጎዳናዎች ተከፈቱ፤ ግራና ቀኛቸው ላይ እነዚያ ዛሬ የምናውቃቸው ቤቶች ተሠሩ። ምድር ላይ ሱቅ። ከሱ በላይ ባሉት ፎቆች ሀብታሞች። ጣሪያው ሥር የቤት ሠራተኞች። ሊፍት ስላልነበረ ወደ ላይ በወጡ ቁጥር ኪራዩ ይቀንሳል። ሀብታምና ድሃ፣ የማይተዋወቅ ሕዝብ በአንድ በር ይገባል። አከራዩ ደግሞ ሌላ ቦታ ነው የሚኖረው። ስለዚህ በሩ ላይ የሱ ዓይን የሚሆን ሰው አስቀመጠ።

ሥራዋ ብዙ ነው። ደረጃውን ትጠርጋለች፣ ግቢውን ታጥባለች፣ ባዶ ቤት ለተከራይ ታሳያለች። ኪራይ ትሰበስባለች። ኪራይ የሚከፈለው በየሦስት ወሩ ነበር፦ በጥር፣ በሚያዝያ፣ በሐምሌና በጥቅምት። ደብዳቤ ከፖስተኛው ተቀብላ በየፎቁ ታድላለች። ፈረንሳይ ቴምብር የጀመረችው በ1849 ነው። ከዚያ በፊት የፖስታውን ዋጋ የሚከፍለው ብዙ ጊዜ ተቀባዩ ስለነበር፣ በረኛዋ ከኪሷ ከፍላ ቆይታ ታስከፍላለች። እንግዲህ ተከራዩ ገና ደብዳቤውን ሳይከፍት ባለዕዳዋ ነው።

ደመወዟ ትንሽ ነው። የምትኖረው በጥቅማጥቅሙ ነው። አዲስ ተከራይ ሲገባ «የእግዜር ሳንቲም» የሚሉት ጉርሻ ይሰጣታል። ለአዲስ ዓመት እያንዳንዱ ቤት የበዓል ገንዘብ ያመጣል። የማገዶ እንጨት ተጭኖ ሲመጣ ከሸክሙ ግንድ የማንሳት ልማድ ነበራት። ወፍራሙን ነው የምታነሳው ብለው ያሟት ነበር።

ገመዱ ደግሞ አለ። ማታ ትልቁ በር ይዘጋል። ተከራዩ ቁልፍ የለውም። አምሽቶ የመጣ ሰው ደወል ይደውላል። በረኛዋ አልጋዋ ላይ እንዳለች አጠገቧ የተንጠለጠለውን ገመድ ትስባለች፤ በሩ ይከፈታል። ሰውየው በጨለማው መተላለፊያ በኩል ስሙን እየጠራ ያልፋል። በሌሊት መውጣት ከፈለገም ክፍሏ በር ላይ ቆሞ «ገመዱን፣ እባክዎ!» ይላል። ይህች ሴት ሌሊቱን ሙሉ ተኝታ አታድርም። ማን በስንት ሰዓት እንደገባ ግን ሁሉንም ታውቃለች።

ቅጠል፦

ቆይ፣ አንድ ነገር አልገባኝም። የራሳቸውን ቤት የተከራዩ ሰዎች ናቸው። የበሩን ቁልፍ ለምን አይሰጧቸውም ነበር?

የታሪክ ተማሪ፦

ቅጠል፣ ዋናውን ነገር ጠየቅሽ። ያልፈለገው አከራዩ ነው። በፈረንሳይ የፍትሐ ብሔር ሕግ ተከራይ ቤቱን የሚበቃ ዕቃ ማስገባት አለበት፤ ኪራይ ካልከፈለ አከራዩ በዚያ ዕቃ ላይ ቅድሚያ መብት አለው። አልጋውና ቁምሳጥኑ መያዣ ነው ማለት ነው። ተከራዩ ቁልፍ ካለው በሌሊት ዕቃውን ጭኖ ውልቅ ይላል። እንዲህ ማድረግ የተለመደ ስለነበር የራሱ መጠሪያ ወጥቶለት ነበር። ስለዚህ ገመዱ የሚጠብቀው ከውጭ የሚመጣን ሌባ ብቻ አይደለም። ከውስጥ የሚወጣውንም ቁምሳጥን ይጠብቃል።

ፖሊስም ይህን ያውቃል። ስለ አንድ ሰው ማጣራት የፈለገ መርማሪ መጀመሪያ የሚያንኳኳው የሎዧን መስታወት ነው። የወንጀል ልብወለድ ደራሲው ሲመኖን ይህን አሳምሮ ተጠቅሞበታል። በ1932 በወጣው «የቻይና ጥላ» የመርማሪው የሜግሬ ታሪክ የሚጀመረው ፕላስ ደ ቮዥ ያለ ቤት በረኛ ስልክ ስለደወለችለት ነው።

ከሞንማርትር ሥር፦

ጽሑፋችሁን ሳነብ ደስም አለኝ፣ ትንሽም ከፋኝ። እኔ ፓሪስ 18ኛው ወረዳ፣ ድሮ ሠራተኞች ይተኙበት በነበረው የመጨረሻ ፎቅ ነው የምኖረው። የኛ ሕንፃ ዛሬም በረኛ አለችው። አሁን ስሙ «ጋርዲየን» ሆኗል እንጂ ሥራው ያው ነው። ሴትየዋ ፖርቹጋላዊት ናት።

ክፍሏ ወለላ እንደገለጸችው ናት። የመስታወቱ በር ላይ ዳንቴል መጋረጃ አለ፤ ከሱ በታች የሥራ ሰዓቷ በላስቲክ ተሸፍኖ ተለጥፏል። ከጠረጴዛው ሥር የነዋሪው ጥቅል ዕቃ ተከምሯል። በኢንተርኔት የታዘዘው ሁሉ እሷ ጋ ነው የሚወርደው። ከበሩ ጀርባ ያሉት መንጠቆዎች ላይ የአዛውንቶቹ ትርፍ ቁልፍ ተሰቅሏል። እያንዳንዱ ላይ ቀለም ያለው ፕላስተር ጠቅልላበታለች። ስም አትጽፍበትም፤ ቢሰረቅ የማን እንደሆነ እንዳይታወቅ። የቤቱ ስፋት አልጋና ጠረጴዛ አስቀምጦ አንድ ሰው ያሳልፋል። እዚያ ሁለት ልጆች አሳድጋለች።

ጠዋት የቆሻሻ መኪናው ሳይመጣ ገንዳዎቹን ወደ መንገድ ትገፋለች፤ አረንጓዴ ክዳኑን፣ ቢጫ ክዳኑን። ባዶ ሲሆኑ ትመልሳለች፣ ታጥባለች። ደረጃውን ከላይ ወደ ታች ትወርደዋለች። አራተኛ ፎቅ ያሉ ሽማግሌ ጋዜጣቸውን እስከ እኩለ ቀን ካላነሱ ታንኳኳለች። አንዴ መሬት ላይ ወድቀው ያገኘቻቸው እሷ ናት። ይህን ልጽፍላችሁ የፈለግሁት ማዳም ሲቦን አንብባችሁ ሴትየዋን እንዳታውቋት ሆናችሁ እንዳትቀሩ ነው። ደራሲዎቹ ያዩዋት ሲያልፉ፣ ከመስታወቱ ውጭ ሆነው ነው።

ፖርቹጋሎቹ ለምን እንደሆነም ልንገራችሁ። በ1960ዎቹ ከአምባገነኑ ከሳላዛር አገዛዝ፣ ከድህነትና ከቅኝ ግዛቱ ጦርነት ሸሽተው በብዛት ወደ ፈረንሳይ መጡ። ወንዶቹ ግንባታ ገቡ። ለሴቶቹ ሎዥ ጥሩ ነበር፤ ሥራውና መኖሪያው አብሮ ይገኛል። ክፋቱም እዚያው ላይ ነው። ሥራውን ካጣሽ ቤቱንም አጣሽ። ሕጉ አሠሪው ካሰናበታት በኋላ ክፍሉን ሳትለቅ ቢያንስ ሦስት ወር ይሰጣታል። ከዚያ በኋላስ? ሩበን አልቬሽ በ2013 «ወርቃማው ጎጆ» የሚል ፊልም ሠርቷል። ባለታሪኮቹ ፓሪስ ውስጥ በረኛ የሆነች ፖርቹጋላዊትና ግንበኛ ባሏ ናቸው። የዳይሬክተሩ እናትም በረኛ ነበረች። ያ ፊልም ከመስታወቱ በውስጥ በኩል ሆኖ ነው የሚያየው።

አንባቢው፦

እህቴ፣ ስለ ሴትየዋ የጻፍሽው ልብ ይነካል። ግን ሁሉንም ደራሲ አንድ ላይ አታስሪያቸው። ሌላውን የዚያ ዘመን ደራሲ ኤሚል ዞላን ለይልኝ።

በ1882 የታተመውን «ፖ ቡዪ» ተመልከቱ። ታሪኩ ሿዘል ጎዳና ላይ ያለ አዲስ፣ ያማረ ሕንፃ ውስጥ ነው። ደረጃው ይሞቃል፣ ቀይ ምንጣፍ ተነጥፎበታል፣ ግድግዳው እብነ በረድ የመሰለ ግን ያልሆነ ነው። በረኛው ሙሴ ጉር ነው። ድሮ የአንድ መስፍን እልፍኝ አስከልካይ ነበር። ራሱ ላይ የከፋይ ቆብ ይደፋል። የሱ ሎዥ ድስት የሚንተከተክበት አይደለም፤ መስታወቱ የሚያብረቀርቅ ትንሽ ሳሎን ነው። መጥረጊያ አይነካም። ደረጃ የምትፈገፍግለት ፔሩ የምትባል ድሃ አሮጊት አለች፤ እሷን እያመናጨቀ ያሠራታል።

እላይ አንዲት ጫማ ሰፊ ሴት ክፍል ተከራይታለች። ነፍሰ ጡር ናት። ሙሴ ጉር ሆዷ እየገፋ ሲመጣ መታገሥ ያቅተዋል። ቤቱን አዋረደችው ይላል። ግቢውን ስታልፍ ሆዷ ሕንፃውን በሙሉ የሞላው ይመስለዋል። መውለጃዋ ሲቃረብ ያባርራታል። በዚያው ሕንፃ ባለምንጣፍ ፎቆች ግን ባሎች ውሽማ አላቸው፣ ሚስቶችም አላቸው። ይህን ሙሴ ጉር አይቶ እንዳላየ ያልፋል። ዞላ እዚህ የሚጠላው በረኛውን አይመስለኝም። የሕንፃው ግብዝነት በር ላይ ሰው ሆኖ ሲቆም እያሳየን ነው።

በ1877ቱ «ላሶሟር»ም ቦሾች አሉ። ጉት ዶር ጎዳና ላይ ያለው የሠራተኞች ሕንፃ በረኞች ናቸው። ባለታሪኳ ዤርቬዝ የልብስ ንጽሕና ሱቁን መከራየት ስትፈልግ ከነሱ ጋር መወዳጀት አለባት። ደህና ስትሆን አብረው ይበላሉ፣ ይጠጣሉ። ስትወድቅ ፊታቸውን ያዞሩባታል። መጨረሻዋ በዚያው ሕንፃ ደረጃ ሥር ባለ ጉድጓድ መሰል ቦታ ነው። በረኛው ከሀብታምም ከድሃም አንዱን ሲመርጥ፣ የሚመርጠው አከራዩ የሚወደውን ነው። ወለላ፣ ፍርሃት ያልሽው ባልዛክ ላይ ይሠራል። ዞላ ላይ ግን ቁጣ ነው።

ወለላ፦

አንባቢው፣ የሙሴ ጉርን ነገር በደንብ አየኸው። ግን አንድ ነገር ልብ በል። የዞላ በረኛ ሲያስከፋ አከራዩን ያየነው ምን ያህል ነው? ባለቤቱ ሽማግሌው ቫብር ክፍሉ ዘግቶ ካርዶቹን ይደረድራል። ተከራዩን የሚያባርረው አፍ የጉር ነው። እንግዲህ የተከራዩም፣ የአንባቢውም ጥላቻ የሚያርፈው በሩ ላይ ነው። ሥርዓቱ እንዲህ ነበር የተሠራው፦ ገንዘቡ ወደ ላይ ይወጣል፣ እርግማኑ ሎዥ ውስጥ ይቀራል። ዞላ ይህን አይቷል፤ አንባቢው ግን ብዙ ጊዜ የሚያስታውሰው ጉርን ነው፣ ቫብርን አይደለም።

ኤዥን ሱ የሚባለውን ደራሲም ጨምሩበት። «የፓሪስ ምስጢሮች» ከ1842 እስከ 1843 በጋዜጣ በተከታታይ ሲወጣ ፓሪስ በሙሉ ያነበው ነበር። ታምፕል ጎዳና ላይ ባለው ቤት ሙሴ ፒፕሌና ሚስቱ አናስታዚ በረኞች ናቸው። እሱ ትልቅ ባርኔጣ ደፍቶ ጫማ ይጠግናል። ካብሪዮን የሚባል ሠዓሊ ቁም ስቅሉን ያሳየዋል፤ አንባቢው ይስቃል። ስማቸው ለሁሉም በረኛና ለወሬኛ ሰው ቅጽል ሆኖ ቀረ። እኔን የሚገርመኝ ሌላ ነው። በዚያው ቤት ጣሪያ ሥር የከበረ ድንጋይ ሠራተኛው ሞሬል ከልጆቹ ጋር በብርድና በረሃብ ያልቃል። ለሞሬል አገር ምድሩ አለቀሰ። ለፒፕሌ የቀረለት ሳቅ ነው። ሁለቱም ግን ድሆች ናቸው።

ጋሽ ሊዮን፦

ልጆች፣ በርቱ። አዲስ አበባ ሊሴ ገብረ ማርያም ተምሬ፣ ከዚያ ሊዮን መጥቼ ዕድሜዬን እዚህ ነው የጨረስኩት። እናንተ በልብወለድ ያነሳችሁት ሥልጣን አንድ ጊዜ በእውን የሰው ነፍስ ላይ ወድቋል። እሱን ሳላነሳ አላልፍም።

ሐምሌ 16 እና 17 ቀን 1942 በጀርመን ወረራ ጊዜ የፈረንሳይ ፖሊስ ፓሪስ ውስጥ ወደ 13 ሺህ የሚጠጉ አይሁዶችን አፈሰ። ከነሱ መካከል ከ4 ሺህ በላይ የሚሆኑት ሕፃናት ነበሩ። ቤተሰቦቹን ቬል ዲቭ በሚባለው የብስክሌት ስታዲየም አጎሯቸው፤ ከዚያ ወደ ማጎሪያ፣ ከማጎሪያውም ወደ ሞት ላኳቸው። ለፖሊሶቹ የተሰጠው መመሪያ ላይ በረኛዋ ትጠቀሳለች። ቤቱን ስትለቁ ጋዝና መብራት አጥፉ፤ ቁልፉንና የቤት እንስሳውን ለበረኛዋ አስረክቡ ይላል። አስቡት እንግዲህ። አንድ ቤተሰብ በሌሊት ልብሱ ይወሰዳል፤ ድመቱና ቁልፉ ሎዥ ውስጥ ይቀራል።

ያን ቀን የየሎዡ ሁኔታ ይለያያል። የጠቆሙ አሉ። ባዶውን ቤት የዘረፉ አሉ። ቀድመው ሮጠው «ዛሬ እንዳታድሩ» ያሉም አሉ። አንዷ ማዳም ማሪ ሾቴል ናት። በ11ኛው ወረዳ፣ አንጉሌም ጎዳና ላይ በረኛ ነበረች። ፖሊሶቹ ሲመጡ ጎረቤቷን አይሁዳዊትና የ7 ዓመት ልጇን ኦዴትን መጥረጊያ በምታስቀምጥበት ቁምሳጥን ውስጥ ደበቀቻቸው። ከዚያ ለፖሊሶቹ ወይን ቀዳች፤ እነሱን በነገር ይዛ አዘገየች። ልጅቷ ወደ ቫንዴ ገጠር ተልካ ተረፈች። አድጋ መጽሐፍ ጻፈችላት። እስራኤልም ለማዳም ማሪና ለባሏ አይሁዶችን ላዳኑ ሰዎች የምትሰጠውን ክብር ሰጠቻቸው።

ማዳም ሲቦና ማዳም ማሪ የሠሩት በአንድ ዓይነት ክፍል ውስጥ ነው። ቁልፉ፣ መጋረጃው፣ ማን እንደገባና እንደወጣ ማወቁ አንድ ነው። ለዚህ ነው «በረኞች እንዲህ ናቸው» ሲባል የማልቀበለው።

ከሞንማርትር ሥር፦

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። ይህን አላውቅም ነበር። አንጉሌም ጎዳና ዛሬ ዣን ፒዬር ታምቦ ነው የሚባለው፤ በዚያ ብዙ ጊዜ አልፋለሁ።

ቅጠል፦

ጋሼ፣ እጅ ነስቻለሁ። እኔ ስለዚህ ነገር የማውቀው ከአንድ መጽሐፍ ብቻ ነው፤ በ2006 ከወጣው የሙርየል ባርበሪ «የጃርት ውበት»። በረኛዋ ሬኔ ግረኔል ጎዳና ላይ የሀብታሞች ሕንፃ ውስጥ ትሠራለች። ከፊት ባለው ክፍል ቴሌቪዥን ከፍታ ትተዋለች፣ ነዋሪዎቹ እያየች እንዲመስላቸው። እሷ ግን ጓዳ ገብታ ቶልስቶይ ታነባለች። እኔ በጣም ነው የወደድኳት። እናንተስ?

ከሞንማርትር ሥር፦

ቅጠልዬ፣ መጽሐፉ ጥሩ ነው፤ ግን ያስከፋኛል። ሬኔን እንድናከብራት መጀመሪያ ፍልስፍና ማንበብ ነበረባት። ድመቷን በቶልስቶይ ስም መጥራት ነበረባት። የኛ ሕንፃ ሴትዮ ልብወለድ አታነብም። ማታ ድካሟን ይዛ ትተኛለች። እሷን ለማክበር የተደበቀ ቤተ መጻሕፍት አያስፈልገኝም። በረኛዋ እንደኛ ስታነብ ብቻ ሰው ከሆነች፣ ያከበርነው ራሳችንን ነው።

ወለላ፦

ይህን በደንብ ብለሽዋል፤ ግን ሙሉ በሙሉ አልስማማም። መጽሐፉ ውስጥ ትልቁ ነገር ንባቧ አይደለም። መደበቅ ማስፈለጉ ነው። ሀብታሞቹ በረኛ ምን መምሰል እንዳለባት ወስነው ጨርሰዋል፦ ወፍራም፣ ነጭናጫ፣ የጎመን ሾርባ የሚሸታት። ይህን ሐሳብ ደግሞ ከየት አገኙት? ከባልዛክ፣ ከኤዥን ሱ፣ ከዞላ። ባርበሪ የምትከራከረው ከነዚህ መጻሕፍት ጋር ነው። ሬኔ ሲቦን መስላ ትኖራለች፣ እንዲተዋት።

አንባቢው፦

እዚህ ላይ ደራሲው ዦርዥ ፔሬክ መነሳት አለበት። በ1978 የወጣው «ሕይወት፤ የአጠቃቀም መመሪያ» አንድን የፓሪስ ሕንፃ ክፍል በክፍል ይዘረዝራል። ሰዓቱ አንድ ነው፤ ሰኔ 23 ቀን 1975፣ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ሊሆን ሲል። የፊት ግድግዳው የተነሳ ያህል ሁሉም ክፍል ይታያል፤ ሳሎኑ፣ ጣሪያ ሥር ያለው፣ ሎዡም። በረኛዋ ማዳም ኖሼር እንደማንኛውም ነዋሪ የራሷ ገጽ አላት። ጭራቅ አይደለችም፣ ቅድስትም አይደለችም። ከሞንማርትር ሥር የምትፈልገውን አክብሮት እኔ ያገኘሁት እዚያ ነው፤ ዕቃዋ ከባለሚሊዮኑ ዕቃ እኩል ተቆጥሮ።

ፎቶ የምትወዱ ደግሞ ሮበር ዱዋኖ ከጦርነቱ በኋላ ያነሳቸውን የፓሪስ በረኞች እዩ።  ከደራሲዎቹ ይልቅ ያ ሰው ዓይናቸውን ያየ ይመስለኛል።

ቅጠል፦

አሁን ከየት ልጀምር? ፈረንሳይኛዬ መካከለኛ ነው።

ወለላ፦

በ«ፖ ቡዪ» ጀምሪ። አንድ ሕንፃ፣ አንድ ደረጃ ስለሆነ አይጠፋብሽም፤ ከገባሽበት በኋላም ይፈጥናል። ቀጥለሽ «የአጎት ልጅ ፖንስ»ን ያዢ። መጀመሪያው ይጎተታል፤ ታገሺው። ፖንስ አልጋው ላይ የተኛ መስሎ ሌቦቹን በዓይኑ የሚይዝበት ቦታ ስትደርሺ መጽሐፉን አታስቀምጪውም። ሬሞናንክ ምን እንደሚደርስበት ግን አልነግርሽም። የኤዥን ሱን መጽሐፍ ሙሉውን አትሞክሪ፣ በጣም ረጅም ነው። የታምፕል ጎዳናውን ቤት ክፍሎች ብቻ መርጠሽ አንብቢ።

የታሪክ ተማሪ፦

አንድ ነገር ልጨምር። ዛሬ ብዙዎቹ ሎዦች ባዶ ናቸው። መጀመሪያ ኤሌክትሪኩ ገመዱን ተካው፤ በኋላ በየበሩ የኮድ ቁልፍ ተገጠመ፤ ደብዳቤውንም ሳጥን ተቀበለው። የሕንፃ ባለቤቶች ማኅበር በስብሰባ ድምፅ ሰጥቶ ሎዡን ይሸጣል ወይም ያከራያል፤ ጽዳቱን ለኩባንያ ይሰጣል። ከሞንማርትር ሥር፣ እናንተ ጋ ነገሩ ተነስቶ ያውቃል?

ከሞንማርትር ሥር፦

አዎ። ባለፈው ስብሰባ ተነስቶ ነበር። እኔ ተከራይ ስለሆንኩ ድምፅ የለኝም፤ ግን አራተኛ ፎቅ ያሉት ሽማግሌ ባለቤት ናቸው። በከዘራቸው ወርደው ተቃወሙ፤ ሌሎችም ተከተሏቸው። ሐሳቡ ወደቀ። በሚቀጥለው ዓመት እንደገና ያመጡታል ይላሉ። እኔም ከወዲሁ በየፎቁ እየዞርኩ ባለቤቶቹን እያናገርኩ ነው።